የአሮጌ ኡድ ጥገና፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር፣ ባሕር ዳር

ሰኔ መጨረሻ፣ 2017 — ልኬት

ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት ኡዱን፣ አንገቱ አጭር ሆዱ ክብ የሆነውን የአረቦች የክር መሣሪያ፣ ለካሁት። ካሊፐሩን (ውፍረትና ክፍተት መለኪያውን) ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ከሚማር የእህቴ ልጅ ተዋስኩ።

የክሩ ርዝመት፣ ከአንገቱ ጫፍ ካለችው አጥንት እስከ በርኩማው፣ 61 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ የአረብ ኡድ ልክ ነው። የቱርኮቹ አጠር ይላሉ፣ 58.5 ገደማ። ክሩ አሥራ አንድ ነው፦ አምስት ጥንድና አንድ ነጠላ ወፍራም። በርኩማ የምለው ፊቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈውን፣ ክሮቹ የሚታሰሩበትን እንጨት ነው። ስሙን ከበገና ተውሼ ነው።

ዋናው ቁጥር የክሩ ከፍታ ነው። አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ክሩ ከእንጨቱ 5.5 ሚሊ ሜትር ተነስቷል። ለእጅ የሚመቸው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ5.5 ላይ አንዱን ክር እስከ እንጨቱ መጫን ራሱ ሥራ ነው፤ ጥንዱን አንድ ላይ መጫንማ ጣት ያቆስላል።

ሌሎቹ ችግሮች፦ በርኩማው በወፍራሙ ክር በኩል ተነስቶ ወረቀት ያስገባል። ፊቱ ላይ ከትልቁ ቀዳዳ በታች ቀጭን ስንጥቅ አለ። ወፍራሙ ክር ሲመታ ከውስጥ የሚንዘረዘር ነገር ይሰማል። ሦስት መቃኛዎች ይንሸራተታሉ፣ አንዱ አናቱ ተሰብሯል። በርኩማው ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ሚስማሮች አሉ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጠጋኝ ነው የመታቸው። ከሥሩም ነጭ ኮላ አፍስሶበታል።

ስለ ኡዱ ትንሽ ልበል። እኔ ያደግኩት በክራር ነው። ማታ ማታ የኡምዱርማን ራዲዮ እንሰማ ነበርና የኡድ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የሱዳን ዜማ እንደኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ቋንቋውን ሳንሰማ ዜማው ይገባን ነበር። አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ ሲመላለስ ይችን ኡድ አመጣልኝ። ጥቂት ዓመት አጥብቄ ያዝኳት። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ተውኳት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ እንደገና ጀመርኩ። ያኔ ነው ጠጋኙ ጋር የሄደችው። ከዚያ ወዲህ ባነሳኋት ቁጥር ከጥቂት ሳምንት በላይ አልዘለቅንም።

ሐምሌ መጀመሪያ — ክሮቹን ማውረድ

ክሮቹን አንድ በአንድ እያላላሁ አወረድኩ። ጎን ለጎን ማላላት አይገባም፤ ፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ሲሳብ ይጣመማል። ከዳር ከዳር እየቀያየርኩ ነው የፈታሁት።

ክሮቹን ስለካ የችግሩ ምንጭ ተገኘ። የኡድ ክሮች አይደሉም፤ የጊታር ናቸው። ያኔ የሱዳን ክር ሲያልቅ ጠጋኙ ሱቅ ያገኘውን የጊታር ክር በሙሉ አስሮባታል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የናይለን ጊታር አንድ ክር ሲቃኝ ወደ 7 ኪሎ ይስባል። የኡድ ክር ግን የሚስበው የዚያን ግማሽ ነው፣ 3.5 ኪሎ ገደማ። ኡድ 11 ክር ስላለው በራሱ ክር ቢታሰር ጠቅላላ ጉተታው 40 ኪሎ አይሞላም። በጊታር ክር ግን ወደ 75 ኪሎ ይጠጋል። የኡድ ፊት እኮ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይወፍር ለስላሳ ጣውላ ነው። ከሥሩ ያሉት ደጋፊ እንጨቶችም ለ40 ኪሎ እንጂ ለ75 ኪሎ አልተሠሩም። ያ ሁሉ ጉተታ አንገቱን ወደ ፊት ሳበ፣ በርኩማውን ነቀለ፣ ክሩን ከፍ አደረገ።

ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ጣቶቼ ያረጁ፣ ልምምዴም ያነሰ መስሎኝ ስንት ጊዜ አስቀምጫታለሁ። ይችን ኡድ በዚያ ሁኔታ ማንም ቢይዛት እጁ ይዝል ነበር። አማተር ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ መሣሪያውን የሚለካ ጥቂት ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ለዚህ ነው። እቤቱ የተሰቀለ ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ጊታር ያለው ሰው እጁን ከመውቀሱ በፊት ማስመሪያ ያንሳ።

ሐምሌ ማብቂያ — ሙጫ

ኮላ እንደማልጠቀም ወሰንኩ። ኮላ አንዴ ከገባ በኋላ ሌላ ሙጫ አይቀበልም፤ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ችግር ማቆየት ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የሚለጠፈው ከቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው። ይጠነክራል፣ ሲፈለግ ደግሞ በሙቀትና በውኃ ይላቀቃል።

መጀመሪያ ከከበሮ ሠሪ ዘንድ የጥሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ወስጄ ቀቀልኩ። ሁለት እንጨት ለጥፌ ሳድር በእጄ ተላቀቁ። ምክንያቱ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለ ሙጫ ከ60 ዲግሪ ብዙ ማለፍ የለበትም፤ ከፈላ ይደክማል። የኔ ድስት ደግሞ ሲንተከተክ ነበር። ቤቱም ለሁለት ቀን ሸተተ።

ቀጥሎ ለኬክ የሚሸጠውን ጀላቲን ሞከርኩ። ጀላቲን ከዚያው ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ፣ የተጣራ ነገር ነው። አንድ እጅ ጀላቲን በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ አሳበጥኩ። ከዚያ የሕፃን ጡጦ ማሞቂያ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ አስቀመጥኩት። የኩሽና ቴርሞ ሜትር ከትቼ 60 ላይ ያዝኩት። የዋንዛ ቁርጥራጮች ለጥፌ በማግስቱ በመዶሻ ስመታ ሙጫው አልለቀቀም፤ እንጨቱ ራሱ ተቀደደ። የምፈልገው ይሄን ነበር። ዋጋው ለአንድ ፓኬት 350 ብር። ገና ግማሹ አለኝ።

ነሐሴ — በርኩማው

ሚስማሮቹን ማውጣት ከባዱ ነበር። አናት የላቸውም፣ እንጨት ውስጥ ሰምጠዋል። የብየዳ ብረት (ለራዲዮ የሚሆነውን ትንሹን) ሚስማሩ ላይ አስጠግቼ አሞቅሁት። ዙሪያው ያለው ሙጫ ሲለሰልስ በጥፍር መቁረጫ ይዤ አዞርኩና ወጣ።

ኮላውን ለማንሳት ኮምጣጤ አሙቄ በጥጥ ነከርኩ፣ በርኩማው ዙሪያ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ በሞቀ ቀጭን ስፓቱላ ቀስ እያልኩ ገባሁ። ችኮላ አያዋጣም። ስፓቱላው የእንጨቱን ክር ከተከተለ ከፊቱ ላይ ስንጥር ይዞ ይነሳል። አንድ ከሰዓት በሙሉ ፈጀ፤ በርኩማው ግን በሰላም ተነሳ። የኮላውን ቅሪት በመሮ ጠርዝ ፈቀፈቅሁ።

የክሮቹን ቀዳዳዎች 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጌ በሳሁ፣ የድሮዎቹን በወይራ ስንጥር ደፈንኩ። ከዚያ በርኩማውን በጀላቲኑ ለጠፍኩት። ለጀላቲን ሁለቱም ፊት መሞቅ አለባቸው። አለዚያ ገና ሳይጫን ይረጋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትወጣ ጠብቄ እንጨቶቹን በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩ። ማሰሪያ ሞርሳ ጎረቤቴ አናጢው ሰጠኝ። ሽምብጥ ሰፈር ባለው ሱቁ ቁምሳጥን ነው የሚሠራው። ኡዷን ሲያይ ሞርሳውን አጥብቆ እንዳያስር እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ይችማ እንደ እንቁላል ናት። እርስዎ ይያዙልኝ፣ እኔ በልክ ላጥብቅ» አለኝ።

በማግስቱ ሁለት ክር ብቻ አስሬ ለካሁ። 4.8 ሚሊ ሜትር። ሁለት ሚሊ ሜትር አውርጄ ያገኘሁት ሰባት አሥረኛ ብቻ ነው። ነገሩ የጂኦሜትሪ ነው፦ የአንገቱ መገናኛ ከክሩ ርዝመት አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ በርኩማው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብናወርድ መገናኛው ላይ የሚሰማው ሲሶው ነው። በአንገቱ ጫፍ ግን 1 ሚሊ ሜትር ብናወርድ ሁለት ሦስተኛው መገናኛው ላይ ይደርሳል። መፍትሔው አንገቱ ላይ ነው ማለት ነው። አንገት መንቀል ደግሞ የፈራሁት ሥራ ነበር።

ጳጉሜ እና መስከረም፣ 2018 — አንገቱ

ከጫንኩት ሁለት ክር ጋር ኡዷን ገልብጬ ሳይ፣ ከኋላ አንገትና ሆድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀጉር የሚያህል ክፍተት አለ። ክሩ ሲላላ ይዘጋል፣ ሲጠብቅ ይከፈታል። እንግዲህ የድሮው ሙጫ ቀድሞ ለቋል። ይህ ፍርሃቴን ቀነሰው።

በሞቀ ስፓቱላና በእርጥብ ጨርቅ ላይ በካውያ እያሞቅሁ ሠራሁ። እንፋሎቱ ሲገባ የቀረው ሙጫ ለሰለሰ። አንገቱ በእርግብ ጅራት ቅርጽ ነበር የተጋጠመው፤ ወደ ላይ ሲሳብ ወጣ። ውስጡ ሳየው ሠሪው ያደረገው ሥራ ያስደስታል። በእጅ መሮ የተቆረጠ ነው፣ ጠርዙ አሁንም ስለታም ነው። ማን እንደሠራት አላውቅም፤ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው እንደነበር እንጨቱ ይናገራል።

ሒሳቡ፦ የአንገቱን ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ማዘንበል አለብኝ። አንገቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ መገናኛው ላይ ያለው ጥልቀት ደግሞ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በፊቱ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ወደ ጀርባ እየሳሳ ዜሮ የሚሆን ሽብልቅ ይበቃል። ለዚያ ሁሉ ዓመት ጣጣ መፍትሔው ግማሽ ሚሊ ሜትር!

ሽብልቁን አናጢው በመላጊያ ከዋንዛ ላጠልኝ። የመጀመሪያው ወፈረ፤ አንገቱን አስገብቼ በቀጥታ ማስመሪያ ስፈትሽ የአንገቱ ጫፍ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ወረደ። በብርጭቆ ወረቀት እያሳሳሁ፣ እያስገባሁ፣ እያወጣሁ ሠራሁ። ማስመሪያው ከአንገቱ ላይ ተዘርግቶ በርኩማው ጋ የሚያርፍበት ከፍታ ነው የሚመራኝ።

የለጠፍኩት በመስቀል ሰሞን ነው። ዝናቡ እየቀነሰ፣ አየሩ እየደረቀ ነበር። ለሁለት ቀን አስሬ ተውኩት።

አንገቱ ወጥቶ ሳለ በመስታወትና በስልክ መብራት ውስጡን አየሁ። የሚንዘረዘረው ከትልቁ ቀዳዳ በታች ያለ ደጋፊ እንጨት ነው፤ አንድ ጫፉ ተላቋል። ጀላቲኑን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አስገባሁበት። ለመጫኛ ከውስጥ አጭር እንጨት አቆምኩ። ድምፁ ጠፋ።

መቃኛዎቹ ብዙ አላስቸገሩም። የሚንሸራተቱትን በደረቅ ሳሙና ቀባሁ፣ ከላዩ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ አሸሁ። ሳሙናው እንዲዞር ያደርጋል፣ ጠመኔው እንዲይዝ። ሁለቱም በልክ ካልሆኑ ወይ ይጣበቃል ወይ ይሸሻል። የተሰበረውን በወይራ ተካሁት። ለመቃኛ ወይራን የሚስተካከለው እንጨት እኛ አገር ያለ አይመስለኝም። ጥብቅ ነው፣ በጊዜ ብዛት አይበላም።

ጥቅምት — ስንጥቁና ክሩ

ስንጥቁን ሆን ብዬ እስከ ጥቅምት አቆይቻለሁ። ጫጩት ከምታስፈለፍል ጎረቤቴ የእርጥበት መለኪያ ተውሼ ክፍሉ ውስጥ ሰቅዬ ነበር። በነሐሴ ከ80 ከመቶ በታች አልወረደም። ያኔ ፊቱ እርጥበት ጠጥቶ ስላበጠ ስንጥቁ ዝግ ነበር፣ በእርሳስ ባላመለከት ኖሮ አላገኘውም። ዝግ እንደሆነ ቢለጠፍ በበጋ እንጨቱ ሲኮማተር አጠገቡ ሌላ ይሰነጠቃል። አሁን መለኪያው ቀን ቀን ወደ 50 እየተጠጋ ነው፤ ስንጥቁም ተከፈተ። ከጥድ ቀጭን ስንጥር አውጥቼ ሞላሁት፣ ከውስጥ ደግሞ ሁለት ትንንሽ የጥድ ማጠናከሪያ ለጠፍኩ። ባሕር ዳር ላይ እንጨት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ልብ ቢል ጥሩ ነው፦ ሐይቁ ዳር ክረምትና በጋ ለእንጨት ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

ክር ሌላ ታሪክ ነው። ድሮ የኡድ ክር ከገዳሪፍ በመተማ በኩል ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ የማውቃቸው ነጋዴዎች ያንን መንገድ ትተዋል። ወፍራሞቹን፣ ብረት የተጠመጠመባቸውን፣ ከዱባይ በሚመላለስ የጓደኛዬ ወንድም አስመጣሁ። 3,800 ብር ወጣብኝ። ከጥገናው ሁሉ ትልቁ ወጪ ይህ ነው።

ቀጭኖቹን ግን እዚሁ አገኘሁ። ናይለን ናይለን ነው። የዓሣ መንጠቆ ገመድና የኡድ ቀጭን ክር የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፣ ውፍረቱ ብቻ በትክክል መመረጥ አለበት። ካሊፐሩን ይዤ የመረብና የመንጠቆ ዕቃ ሱቅ ገባሁ።

«ለአምባዛ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ለኡድ ነው።»

ጥቅልሎቹን ሁሉ አወረደልኝ። እየለካሁ 0.60 እና 0.80 ሚሊ ሜትር መረጥኩ። 0.60 ለዶ፣ 0.80 ለሶል። ሶል ከላይኛው ዶ ስለሚወርድ በተመሳሳይ ጉተታ ለመቃኘት ክሩ በአንድ ሦስተኛ መወፈር አለበት። በዚህ ውፍረት እያንዳንዱ ክር 3.3 ኪሎ ገደማ ይስባል፤ ፊቱ የሚችለው ልክ ነው። ሁለቱ ጥቅልል 260 ብር። ለዓመታት የሚበቃኝ ክር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የዓሣ ገመድ ውፍረቱ ከጥቅልሉ መጀመሪያና መጨረሻ ሊለያይ ይችላል። ጥንዱን ከአንድ ቦታ ተከታትሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ካልሆነ ባዶውን ተቃኝተው ይስማሙና ጣት ሲጫናቸው ይጣላሉ።

ለአንገቱ ጫፍ አዲስ አጥንት ከበሬ ቅልጥም ቆረጥኩ። ሥጋ ቤቱ በነፃ ሰጠኝ። ቀቅዬ፣ ቅባቱን አውጥቼ፣ ከፋርማሲ በገዛሁት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አነጣሁት። ከዚያ በሞረድ ቦዮቹን አወጣሁ።

ኅዳር — መጫወት

ቃኘኋት። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ፋ፣ ዶ። አዲስ ናይለን ስለሚለጠጥ የመጀመሪያው ሳምንት በየሰዓቱ ይወርዳል። መገናኛው ላይ ያለው ከፍታ 2.9 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሁሉም ክር ታስሮ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶም፣ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ዋናው ለውጥ የግራ እጅ ነው። ጣት ሲያርፍ ክሩ ወዲያው ይነካል። ክሩ ከፍ ባለ ቁጥር መጫኑ ራሱ ክሩን ስለሚወጥር ድምፁ ይሾላል፤ ያንን ለማካካስ ጣት ወደ ኋላ ይሸሻል። አሁን ግን ቦታዎቹ ሒሳቡ በሚላቸው ቦታ ተገኙ። ትዝታን በዶ ስጫወት (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ሬ፣ ሶልና የላይኛው ዶ ባዶ ክሮች ናቸው። ሚ ከሬ ክር ላይ፣ ላ ደግሞ ከሶል ክር ላይ፣ ሁለቱም ከአጥንቷ 66 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀው ይገኛሉ። የታችኛው ዶ ከላ ክር ላይ 97 ነው። ክራር የለመደ እጅ ይህን ቅኝት ቶሎ ይይዘዋል፤ ግማሹ ባዶ ክር ነውና። ድርድሩንም (በጣት የሚነካውን) ግርፉንም (በመምቻ የሚመታውን) ሁለቱንም ትቀበላለች።

ባቲና አምባሰል ትንሽ ልምምድ ጠየቁ። ያቆየኝ አንቺ ሆዬ ነው። በፒያኖ አነጋገር ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው (ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ግን በፒያኖ ቁልፍ ላይ ስንመታው የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ ዘፋኝም ሆነ ማሲንቆ ያንን ልክ አይቀበሉም። ኡድ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ብረት የለበትም። ጣት የትም ማረፍ ይችላል። ለኛ ቅኝት የተመቸ መሣሪያ መሆኑን ያሳመነኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ ማታ ኡዷን ይዤ ማሲንቆ የሚጫወት አንድ አዝማሪ ቤት ሄድኩ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ በሙያው ግን አስተማሪዬ ነው። አንቺ ሆዬ ጀመረልኝ፣ ተከተልኩ። ሶል ቤሞል ላይ ስደርስ አቆመ።

«ጋሼ፣ ይችን ትንሽ ወደ ታች። ጣትዎን ሳያነሱ ይሳቧት።»

ሳብኳት። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ። እስከ እኩለ ሌሊት ያችን አንዲት ድምፅ ፈልገን አስቀመጥናት፣ እንደገና ፈለግናት። 5.5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ማን ይሰማው ነበር? ጣት ክሩን ለመጫን ሲታገል ጆሮ ሥራውን መሥራት አይችልም።

አሁን ባለችበት

ወጪው ክሩን፣ ጀላቲኑን፣ ኮምጣጤውን፣ ፐርኦክሳይዱንና የብርጭቆ ወረቀቱን ጨምሮ 5,000 ብር አልሞላም። አናጢው ገንዘብ አልቀበልም አለኝ፤ ከዘጌ ቡና አምጥቼለታለሁ።

ያልተጠናቀቀው ሪሻው (የክሩ መምቻ) ነው። የምጫወተው ከፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ በቆረጥኩት ነው። ይሠራል፣ ግን ቀጭኑ ናይለን ላይ ድምፁ ይጮሃል። የበሬ ቀንድ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌያለሁ። ሲለሰልስ ግማሽ ሚሊ ሜትር እስኪሆን አሳስቼ ሁለት ርዝመት እቆርጣለሁ፣ 10 እና 12 ሴንቲ ሜትር። ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ አዝማሪው ጋ እሄዳለሁ።